ያላበው ፓምፕ

አባቴ ባለቤቴን አራት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ሲላት ኖረ።

እኔን «አንተ ደንቆሮ» ይለኛል። እናቴን «አንቺ ሴትዮ» ይላታል። ምድጃው እንኳን አልነሳ ሲለው «ተነስ እንጂ አንተ ሰነፍ!» ብሎ ይቆጣዋል። ባለቤቴ ጋ ሲደርስ ግን ድምፁ ይለሰልሳል፣ እጁ ወደ ሸሚዙ ኮሌታ ይሄዳል፣ «እንዴት ዋሉ? ሥራ እንዴት ነበር?» ይላል። የተማረች ምራት መጣችልኝ ብሎ ነው። እሷ በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ባለሙያ ናት፤ እሱ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። አክብሮቱ ከልቡ ነበር፤ ምራቱን ግን አጥንቷ ድረስ ይበርዳት ነበር።

«አባትህ እኮ ግብር ሊሰበስብ እንደመጣ ሰው ነው የሚያስተናግደኝ» አለችኝ አንድ ቀን ጫማዋን እያወለቀች። «ስገባ ተነስቶ ወንበር ይለቅልኛል። በገዛ ቤቴ!»

የምንኖረው ከማቅለጫው ጀርባ ነው። ከፊት አባቴ አሉሚኒየም እያቀለጠ በአሸዋ ፎርማ የሚያፈስበት አዳራሽ አለ። ከጎኑ እኔ በቶርኖ ብረት እያዞርኩ የምቆርጥበት ክፍል፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት መኝታ ቤትና እናቴ ማንንም የማታስገባበት ወጥ ቤት አለ። አባቴ ከአርባ ዓመት በላይ ያላፈሰሰው ነገር የለም፤ የበር እጀታ፣ የወንበር እግር፣ የማሽን ሽፋን። የሚኮራበት ግን የውኃ ፓምፕ ቀፎ ነው፤ ውኃው ውስጡ የሚሽከረከርበት፣ ቀንድ አውጣ የሚመስለው ክፍል። ሰው ሲመጣበት አንዱን አንስቶ በጣቱ ያንኳኳና «ስማው» ይላል።

ጣጣው የጀመረው በሳል ነው።

አሉሚኒየም ሲቀልጥ ከአየሩ እርጥበት ሃይድሮጅን ይጠጣል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ የጠጣውን መያዝ ያቅተዋል፤ መውጫ ያጣው ጋዝ እዚያው ውስጡ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች ሆኖ ይቀራል። አባቴ ይህን ጋዝ የሚያስወጣው አቅላጮች «ክኒን» በሚሉት ነጭ ነገር ነበር። ክኒኑን በረጅም ዘንግ ይዞ ወደ ማቅለጫው ድስት ሥር ይጨምረዋል፤ የቀለጠው ብረት ይንፈቀፈቃል፣ ጭስ ይነሳል፣ ጉሮሮ ይቆነጠጣል። አርባ ዓመት ያንን ጭስ ሲስብ ኖሮ ደረቱ አልቻለም። ሐኪሙ ጀርባውን አዳምጦ «ከክኒኑና ከሳንባዎ አንዱን ይምረጡ» አለው።

አባቴ ይህን ዋጥ አድርጎ ወደ ሥራው ሊመለስ አስቦ ነበር። ነገር ግን እናቴ እዚያው ክፍል ውስጥ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። በማግስቱ የክኒኑ ካርቶን ከመደርደሪያው ጠፋ።

«የት አደረግሽው?» አላት።

«ፈልገው» አለች። «ካገኘኸው ግን ከዚያ በኋላ እኔን ደግሞ ትፈልገኛለህ።»

እስከ ዛሬ የት እንዳደረገችው አናውቅም።

ያለ ክኒን መሥራት ተጀመረ። ዝናብ የሚበዛበት ወር ነበርና አየሩ ራሱ ውኃ ነበር። ሦስት ሳምንት እንደሄደ ባለፓምፑ መጣ። ለእርሻ የሚሆኑ የውኃ ፓምፖች የሚገጣጥም፣ አሥራ አምስት ዓመት ደንበኛችን የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ትልቅ ሰውዬ ነው። የጭነት መኪናው ላይ ከእኛ የወሰዳቸው ሃያ ቀፎዎች ተደርድረዋል። አልጮኸም። አንዱን አውርዶ ቀዳዳዎቹን ደፈነ፣ ውኃ ሞላው፣ ይዞት በመጣው የእጅ ግፊት መስጫ ሰባት ስምንት ጊዜ ገፋ፣ ከዚያ እጁን አጣጥፎ ቆመ። እኛም ቆምን። ሁለት ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ቀጥሎ የቀፎው ሆድ ላይ እንደ ብጉር ያሉ የውኃ ነጥቦች ብቅ ብቅ አሉ።

«አላበው» አለ ባለፓምፑ።

«እኔ ያፈሰስኩት ቀፎ አልቦት አያውቅም» አለ አባቴ።

«አውቃለሁ ወንድሜ። ሰው ልኬ ሳይሆን ራሴ የመጣሁትም ለዚህ ነው።» ቀፎውን አባቴ እጅ ላይ አስቀመጠለት። «እስከ አንድ ወር ድረስ ሌላ ሰው ጋ አላሠራም። ከዚያ በላይ ግን ገበሬዎቹ አይጠብቁኝም።»

አባቴ ያንን ቀፎ ይዞ ቤት ገባ። መመገቢያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። በነጋታውም እንደዚያው፤ ምግቡ ይቀርባል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይነሳል።

«አባትህ ቀፎ አግብቶ መጣብኝ» አለችኝ እናቴ።

ሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ከሥራ ተመልሳ ቀፎውን አየችው። አባቴ ሊነሳላት ሲል ትከሻውን በእጇ ያዝ አደረገችው። «አባባ፣ ብናስቆርጠው ይከፋዎታል?»

«ኧረ ምን ገዶኝ፣ እንደፈለጉ ያድርጉት።»

በመጋዝ ለሁለት ከፈልኩላት። የተቆረጠውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ በማጉያ መነጽር አየችው፤ ለእኔም ሰጠችኝ። በእርሳስ ጫፍ ሺህ ጊዜ የተነቆረ ይመስላል። ብዙ አሰበች። እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣

«አባባ፣ በአልትራሳውንድ ልናስወጣው የምንችል ይመስለኛል» አለች።

እናቴ የያዘችው ጭልፋ ድስቱ ውስጥ ወደቀ። «አልትራሳውንድ? ስንት ወርሽ ነው?»

«ኧረ እማማ፣ እኔ አይደለሁም! ብረቱ ነው።»

«ብረቱ አረገዘ?»

«ጋዝ አርግዟል እማዬ» አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ሦስታችንም ሳቅ መመለስ አቃተን። አባቴ ብቻ ኮሌታውን እየነካካ ሳህኑን ያያል።

ሳቁ ሲበርድ ባለቤቴ አስረዳች። ፋብሪካቸው ውስጥ ፕላስቲክን ከፕላስቲክ የሚበይዱ ማሽኖች አሉ። የሚበይዱት በእሳት አይደለም፣ በመንቀጥቀጥ ነው፤ ጫፋቸው በሰከንድ ሃያ ሺህ ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ይላል፣ ጆሮ የማይዘው ድምፅ ማለት ነው። የዚያ ዓይነት ዘንግ የቀለጠ ብረት ውስጥ ቢገባ ብረቱን ቶሎ ቶሎ እየሳበና እየገፋ ጥቃቅን ክፍተቶች ይከፍትበታል። የተደበቀው ሃይድሮጅን እነዚያ ውስጥ ይሰበሰባል፣ አረፋ ይሆናል፣ እርስ በርሱ እየተያያዘ ወደ ላይ ይወጣል።

«ጭስስ?» አለች እናቴ።

«ጭስ የለውም።»

«ሽታስ?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ነገ ጀምሩ» አለች፣ የማቅለጫው ሥራ አስኪያጅ ራሷ የሆነች ይመስል።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እርስዎ ካሉ ልክ ይሆናል። ብቻ ለእርስዎ ይኼ ቆሻሻ ሥራ ነው፤ ባይደክሙ።» በእሱ ቋንቋ እንቢ ማለቱ ነበር።

ባለቤቴ ግን እንዳልገባት ሆነች። ፋብሪካቸው መጋዘን ውስጥ ሸራ ለብሶ የተጣለ አሮጌ የመበየጃ ማሽን ነበር፤ ለኃላፊዋ ማመልከቻ ጽፋ ወሰደችው። የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ፈታታ አጸዳች፣ የተቃጠሉትን ቀየረች፣ አንቀጥቃጩ በሙቀቱ እንዳይሞት አየር የሚነፋበት ቱቦ አሰረችለት። ጫፉ ላይ እጃችን ላይ ከነበረው ብረት የተቆረጠ ዘንግ ገጠምን። ስህተቱ እሱ ነበር።

የመጀመሪያውን ሙከራ ረቡዕ ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ አደረግን። ዘንጉ የቀለጠው አሉሚኒየም ውስጥ እንደገባ ላይኛው ፊት ተንቀጠቀጠ፤ አረፋም ታየ። አባቴ ሳያስበው አንድ እርምጃ ጠጋ አለ። ብዙም ሳይቆይ ሳጥኑ ጮኸና ጠፋ። ዘንጉን ስናወጣው ጫፉ አይጥ የበላችው ሻማ መስሏል። ትኩሱ አሉሚኒየም ብረቱን በልቶታል። የተበላውም የትም አልሄደም፣ ድስቱ ውስጥ ነው። ያንን አፍስሰን ሲቀዘቅዝ አባቴ በመዶሻ ቀስ ብሎ ነካው፤ እንደ ብስኩት ተሰበረ። አንድ ድስት ሙሉ አሉሚኒየም ተበላሸ።

አባቴ መዶሻውን ቦታው ላይ ሰቀለ። «ምንም አይደል» አለ። «ደክመዋል፤ ይረፉ።» ወጥቶ ሄደ።

ባለቤቴን ቶርኖው ጀርባ አገኘኋት፣ በዘይታም እጇ እንባዋን እየጠረገች። «ምነው በጮኸብኝ! ምነው ‹ብረቴን አበላሸሽብኝ› ባለኝ! ‹ምንም አይደል› የሚባለው እንግዳ ሳህን ሲሰብር እኮ ነው!»

«አልተቆጣም እኮ» አልኳት።

«አለመቆጣቱን ነው የምልህ!»

ከዚያ ተረጋግታ፣ ዘንጉ ቲታንየም መሆን እንደነበረበት ነገረችኝ፤ አሉሚኒየም ቲታንየምን እንዲህ በቀላሉ አይበላውም። ግን ከየት ይመጣል? ሁለታችንም አላወቅንም።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ አልነበረም። የክት ኮቱን ለብሶ፣ የት እንደሚሄድ ሳይናገር ወጥቷል። እናቴን ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች። አሥር ሰዓት ገደማ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ መጣ። ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ፈትታ ተቀምጣ ነበር። ጥቅሉን በሁለት እጁ ፊቷ አኖረው።

ሦስት የአሮጌ ብረት መሸጫ ዞሯል። የዘንግ መልክ ያለውን ሁሉ እያነሳ በእጁ ሲመዝን፣ ባለሱቆቹን የብረት መፍጫውን ግራይንደር እያስከፈተ ሲያስነካ ውሏል። ተራ ብረት ሲፋጭ ቢጫና ቀይ ብልጭታ ይረጫል፣ አሉሚኒየም ምንም አይረጭም፤ ቲታንየም ግን ዓይን የሚወጋ ነጭ ነው። ሦስተኛው ቦታ፣ ክምሩ ሥር፣ ከተሰበረ የኬሚካል ማደባለቂያ የወጣ ዘንግ አገኘ። ሻጩ እንኳን ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር።

«ለብረት ይቀላል፣ ለአሉሚኒየም ይከብዳል» አለ አባቴ። «የፈለጉት ይኼ ይሆን?»

ሄዳ ግራይንደሩ ላይ ነካ አደረገችው። ክፍሉ በነጭ ብልጭታ በራ። ተመልሳ መጥታ ዘንጉን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቆመች።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ አያምኑበትም።»

«በማሽኑስ አላምንም።» ኮሌታውን ፈለገ፤ ኮት ስለለበሰ አጣው። «ግን የቶርኖ ቤቱ ግድግዳ ስስ ነው። የዚያን ዕለት ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ።»

ዘንጉን በቶርኖ መላጥ የእኔ ሥራ ሆነ። ቲታንየም ግትር ነው፤ ይግላል፣ መቁረጫውን ይይዛል፣ ሁለት መቁረጫ ሰበረብኝ። ርዝመቱ ደግሞ ከማሽኑ መንቀጥቀጥ ጋር ልክ መግጠም አለበት፤ ከስንዝር ጥቂት ይበልጣል፣ ግን ያቺ ጥቂት ናት ነገሩ። ባለቤቴ ከፋብሪካ ስትመለስ ዘንጉን ትገጥማለች፣ የሳጥኑን ንባብ ታያለች፣ «ገና ነው» ትላለች፤ እኔ ፀጉር ታህል እልጣለሁ። እንደገና «ገና ነው»። አባቴ መዶሻ ጠፋብኝ እያለ በቀን አምስት ጊዜ ይመጣል። የመጨረሻውን ጊዜ ሲመጣ መዶሻው እጁ ላይ ነበር።

ከሳምንት በኋላ እሑድ ጠዋት ሁሉም ነገር ተዘጋጀ። ምድጃውን አባቴ ራሱ ለኮሰው። እናቴ በሩ ላይ ቆመች፤ የቆመችው ለማየት አይደለም፣ ለማሽተት ነው። አንዲት የጭስ ሽታ ካገኘች ሁላችንንም ልታባርር። ባለቤቴ ዘንጉ ላይ የቀረውን የመቁረጫ ዘይት ባልዲ ውስጥ በሳሙና አጥባ በጨርቅ አበሰችው፣ ገጠመችው። አባቴ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ በጭልፋ ገፎ ዘወር አለ። እሷ መያዣውን ይዛ ዘንጉን ወደ ድስቱ ማውረድ ጀመረች። ከብረቱ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ነው አባቴ የዞረው።

«አንቺ! ተይ! እጅሽን መልሺ!»

ዘንጉ አየር ላይ ቆመ።

«ርጥብ ብረት እዚህ ውስጥ ልትከቺ ነው? ልትፈጂን ነው? ይኼን ሁሉ ፊደል ቆጥረሽ ውኃ የቀለጠ ብረት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን የነገረሽ የለም? ወደኋላ በይ! አንቺ ልጅ!»

ልክ ነበር። በጨርቅ ታብሶ የደረቀ የሚመስል ብረት የመገጣጠሚያው ጥርስ ውስጥ ጠብታ ይደብቃል። ያቺ ጠብታ ከቀለጠው ብረት ሥር ከገባች በቅጽበት እንፋሎት ሆና ድስቱን ወደ ሰው ፊት ትተፋዋለች። አባቴ በወጣትነቱ አብሮት የሚሠራ ሰው በዚህ ዓይኑን ሲያጣ አይቷል። ባለቤቴ መያዣውን ወደ ላይ መለሰች፤ ፊቷ ነጥቷል።

ያኔ አባቴ ራሱን ሰማ። እጁ ወደ ኮሌታው ሄደ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ... ደንግጬ ነው፣ እርስዎን እንዲህ...»

«አይ!» አለች ባለቤቴ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቃለች። «አይመልሱት አባባ! እንደጀመሩት ይቀጥሉ። ይስደቡኝ።»

አባቴ ግራ ገብቶት ወደ እናቴ ዞረ።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አለች እናቴ ከበሩ። «ልጅቱ ስድብ አምሯታል፤ ስጣት።»

«ደደብ ነሽ» አለ፣ አዲስ ጫማ እንደሚሞክር ሰው ቀስ ብሎ።

«ነኝ» አለች።

«ደደብ አይደለሽም። ግን ችኩል ነሽ።»

«እሱንም ነኝ።»

«ነይ እንግዲህ። እንዴት እንደሚሞቅ ላሳይሽ።»

ዘንጉን ምድጃው አፍ ላይ አስያዛት። ውኃው ከየጥርሱ ወጥቶ እስኪያልቅ፣ የብረቱ ቆዳ የገለባ ቀለም እስኪይዝ ድረስ እያዟዟሩ አሞቁት። እጇን በእጁ ይዞ ርቀቱን ያስተካክላል፤ «ጠጋ! እንዲያ አይደለም! ኧረ አንቺ ልጅ!» ይላል። አራት ዓመት ያጠራቀመውን በአንድ ጠዋት ሊጨርሰው ያሰበ ይመስል ነበር። እኔ ማብሪያው አጠገብ ቆሜ ምድጃው ዓይኔን አቃጠለኝ ብዬ ፊቴን ጠረግኩ።

ከዚያ ዘንጉ ገባ፤ ማሽኑን አበራሁት።

ትኩስ ዘይት ውስጥ ሽንኩርት ሲገባ ያለ ስስ ድምፅ ተሰማ። የብረቱ ፊት ካፊያ እንደሚወርድበት ኩሬ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ አረፋ መጣ፤ ደቃቅ፣ ከዚያ ተለቅ ያለ፣ እየፈነዳ የሚጠፋ። ግራጫ ቆሻሻ ከሥር እየተነሳ ዳር ያዘ። አባቴ በጭልፋው ይገፈዋል፣ እንደገና ይመጣል። ጭስ የለም። እናቴ ከበሩ ሁለት እርምጃ ገባች፣ ሌላ ሁለት ጨመረች፣ ምድጃው አጠገብ ደርሳ አፍንጫዋን ነፋች።

«ምንም አይሸትም» አለች። የተከፋችም ትመስል ነበር፤ ለቁጣ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

ሦስት ደቂቃ ሲሞላ አወጣነው። ዘንጉ ጫፉ ትንሽ ደብዝዟል እንጂ ሙሉ ነው።

ባለቤቴ ዘንጉ ከመግባቱ በፊት በትንሽ የብረት ኩባያ ቀድታ ነበር፤ አሁንም በሌላ ቀዳች። ከአሮጌ ፍሪጅ ሞተር በሠራችው አየር መምጠጫ ሁለቱንም በየተራ ክዳን ሥር እንዲቀዘቅዙ አደረገች። አየሩ ሲሳብ ብረቱ ውስጥ የተደበቀ ጋዝ ራሱን ያጋልጣል። የመጀመሪያው ኩባያ ማበጥ ጀመረ፣ ጀርባው እንደ ዳቦ ኩፍ አለ። ሁለተኛው ግን አላበጠም፤ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ዝም አለ።

አባቴ ማንንም ሳያስነካ ሁለቱንም ራሱ ቆረጣቸው። አንደኛው ስፖንጅ ነው። ሁለተኛው እንደ ተቆረጠ ቅቤ ነው። የባለቤቴን ማጉያ መነጽር ዓይኑ ላይ ለጥፎ ቆየ።

«ጋዙ በቃ ወጣ?»

«ወጣ አባባ።»

ከዚያው ድስት ትንሽ ዘንግ አፍስሶ አቀዘቀዘና በመዶሻ ሊሰብረው ሞከረ። በፊት በአንድ ምት ይሰበር የነበረው ሦስት ፈለገ። የተሰበረውን ፊት ወደ ብርሃኑ አዞረ። «ነይ እስቲ እዪ። ቅንጣቱ ደቋል። በፊት እንደ ስኳር ነበር፣ አሁን ወደ ዱቄት ሄዷል። ይኼም ያንቺ ማሽን ሥራ ነው?»

ባለቤቴ አየችው። እሷ ያሰበችው ስለ ጋዙ ብቻ ነበር። «መንቀጥቀጡ ቅንጣቱንም እንደሚያደቅ አንብቤ ነበር፤ ግን ብረቱ ሊረጋ ሲቃረብ ነው የሚሉት።»

«እንግዲያው ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ብትደግሚውስ? ከማፍሰሳችን በፊት?»

ደገሙት። የበለጠ ደቀቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ጊዜ ነው የምናደርገው፤ አንዴ በትኩሱ፣ ለጋዙ፤ አንዴ ቀዝቀዝ ሲል፣ ለቅንጣቱ። ሁለተኛው የአባቴ ነው፤ የሱ መሆኑንም ለሚጠይቀውም ለማይጠይቀውም ይናገራል።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው አሥራ ሁለት ቀፎ አዘጋጅተን ባለፓምፑን ጠራነው። የእጅ ግፊት መስጫውን ይዞ መጣ። አንደኛው ደረቅ። ሁለተኛው ደረቅ። ግፊቱን ጨመረበት፣ ደረቅ። አሥራ አንድ ቀፎ አንድ ጠብታ ሳያወጣ አለፈ። አሥራ ሁለተኛው አንገቱ ላይ አላበው።

«አልኩሽ!» አለ አባቴ። «ሁለተኛውን ጊዜ ቶሎ አወጣሽው አላልኩም?»

«ልክ ሁለት ደቂቃ ነው የቆየው! ይኼ እርስዎ ስልክ እያወሩ ያፈሰሱት ነው።»

«እኔ ስልክ አላወራሁም! የፎርማው አሸዋ ነው የረጠበው!»

«አሸዋውን ማን አራሰው?»

«አንቺ ከመምጣትሽ በፊት አሸዋ የሚያርሰው ማን ነበር? እኔ! አርባ ዓመት! አልቦት ያውቃል?»

«የዛሬ ወር አላበው እንጂ!»

ባለፓምፑ እያፈረ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ምን ሆነው ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ደስ ብሏቸው ነው» አልኩት።

አሥራ አንዱን ጫነ። ሌላም ሠላሳ አዘዘ። አሥራ ሁለተኛውን ቀፎ ሁለቱ ተቀምጠው ቆርጠው አዩት፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

የአባቴ ሳል ጨርሶ አልጠፋም፤ ቀንሷል። ማሽኑን ከቤታችን ሰው በቀር ማንም እንዲነካ አይፈቅድም፣ ሥራ ሲያበቃ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍነዋል። ባለቤቴ ፋብሪካዋን አልለቀቀችም፤ ሥራዋን ትወደዋለች። ስለዚህ ቀን ቀን ስልክ ይደወልላታል።

ባለፈው ማክሰኞ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ዘንጉ ገብቷል፣ አባቴ ጆሮውን አዘንብሎ ቆሟል። ስልኩን አወጣ።

«ስሚ! ዛሬ ድምፁ ደስ አላለኝም። ስሚው እስቲ።» ስልኩን ወደ ምድጃው ዘረጋ፤ እጁን ይዤ ባልመልሰው ስልኩም ይቀልጥ ነበር።

«አልሰማም አባባ፣ ማሽን አጠገብ ነኝ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«እንግዲያው ወደ ውጭ ውጪያ! እኔ ነኝ የማስተምርሽ?»

በር ሲከፈት፣ የፋብሪካው ጫጫታ ሲርቅ ሰማን። አዳመጠች። «ይንገጫገጫል። ከላይ ያለው ብሎን ላልቶ እንዳይሆን።»

አጠፋሁት፣ ብሎኑን ጨበጥኩት። ሩብ ዙር ላልቶ ነበር። አጥብቄ ስመልሰው ያ የሽንኩርት ድምፅ ልክ እንደ ወትሮው መጣ።

«አሁን ጥሩ ነው» አለች።

«ይኼንንማ እኔም እሰማለሁ። በይ ወደ ሥራሽ ግቢ፣ ስልክ ላይ አትዋዪ።» ዘጋው። ያንን ድስት አፈሰስን። ለቀጣዩ የአሉሚኒየሙን ጡብ አንስቶ ሊጨምር ሲል ቆም አለ።

«ዛሬ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?»

«አሥራ አንድ።»

ጡቡን መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠውና ምድጃውን ቀነስ አደረገ።

«እስክትመጣ ፎርማዎቹን እናዘጋጅ» አለኝ። «ምን ታየኛለህ አንተ ደንቆሮ፤ አሸዋውን አምጣ።»